በጀቱ በብር ሳይሆን በብሎኬት ይጻፍ

ቅዳሜ ጠዋት አንድ አይሱዙ ግቢ በር ላይ ቆሞ ብሎኬት ያራግፋል። የቤቱ ባለቤት ደስ ብሎታል፤ ዋጋው ሳይጨምር ቀድሞ ገዝቷል። ግንበኛው ከጎኑ ቆሞ «አይዞዎት ጋሼ፣ ትንሽ ሥራ ናት፤ በሁለት ሳምንት እናስረክባለን» ይላል። ለመኪናዋ የሚሠራው ማደሪያ ወርዱ ስንት፣ ርዝመቱ ስንት እንደሚሆን ግን እስከዚያች ሰዓት የለካ የለም። የብሎኬቱን ብዛት የወሰነው ኪስ ውስጥ የነበረው ገንዘብ ነው።

ከሦስት ወር በኋላ እዚያው ግቢ የሚገባ ሰው ግማሽ የደረሰ ግድግዳ፣ በላዩ የተጣለ ሸራ፣ ጥግ ላይ እርጥበት ያጠነከረው ሲሚንቶ፣ ውጭ የምታድር መኪና ያያል። ግንበኛው ሌላ ሥራ ይዟል። ባለቤቱ ስልክ ይደውላል። እንዲህ ያለ ግቢ የሌለበትን የአዲስ አበባ ሰፈር ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል።

በከተማው አፍ «ጋራዥ» ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው መኪና የሚጠገንበት ቦታ ነው። ከዋናው ቤት ተለይቶ ግቢ ውስጥ የሚሠራው የመኪና ማደሪያ «ፓርኪንጓ»፣ «ሼዷ»፣ «የመኪናዋ ቤት» እየተባለ ያልፋል። የረባ ስም ያጣ ነገር የረባ በጀትም ያጣል። ዋናው ቤት ሲሠራ መሐንዲስ ይጠራል፣ ፕላን ይነደፋል፣ ቤተሰብ ይመክራል። ይህቺ «ትንሽ ሥራ» ግን በቃል ተጀምራ በቃል ትቀጥላለች። መሠረት፣ ጣሪያ፣ የኤሌክትሪክ መስመርና የውሃ መውረጃ እንደሚያስፈልጋት የሚታወሰው እያንዳንዱ ተራው ደርሶ ገንዘብ ሲጠይቅ ነው። ትንሽነቷ በስፋቷ እንጂ በጣጣዋ አይደለም።

ጉዳዩ ዛሬ ከወትሮው የከበደበት ምክንያት አለ። መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ያስታወቀው በጥር 2016 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ አዲስ መኪና የሚገዛ ቤተሰብ ዓይኑ የሚያርፈው በኤሌክትሪክ መኪና ላይ ነው። የነዳጅ መኪና የትም ብታድር ጠዋት ማደያ ጎራ ብላ ትሞላለች። የኤሌክትሪክ መኪና ግን የምታድርበት ቦታ የምትበላበትም ቦታ ነው። ማደያው ግቢ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። ስለዚህ የመኪና ማደሪያ መሥራት ከፀሐይና ከበረዶ መከለል ብቻ መሆኑ ቀርቶ ከቤቱ የኤሌክትሪክ ቆጣሪ፣ ከሽቦው ውፍረትና ከቤተሰቡ ደኅንነት ጋር የተያያዘ ውሳኔ ሆኗል።

«እቅድ የረጋ ገበያ ላለው ነው»

የመኪና ማደሪያ በጀት ይውጣለት ሲባል የብዙ ሰው መልስ አንድ ነው፤ «በዚህ ገበያ ምን በጀት አለ? ዛሬ የጻፍከው ነገ አይሠራም። ያገኘኸውን ዛሬውኑ መግዛት ነው።»

ይህ መልስ ከስንፍና የመጣ አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብር አልፏል። ፌሮው የሚሠራበት ጥሬ ብረት፣ ሽቦው፣ ብሬከሩ፣ የበሩ ሞተር በአብዛኛው በውጭ ምንዛሪ የሚመጡ ናቸው። ሐምሌ መጀመሪያ ላይ በብር የተጻፈ በጀት መስከረም ላይ ምን እንደሆነ ያየ ሰው በወረቀት ላይ እምነት ቢያጣ አይፈረድበትም። ገንዘብ ባንክ ተቀምጦ ከሚሟሟ ግቢ ውስጥ ብሎኬት ሆኖ ቢደረደር ይሻላል የሚለው ሐሳብም የራሱ ጥበብ አለው።

ስህተቱ ያለው ቀድሞ በመግዛቱ ላይ አይደለም። ሳይቆጥሩ መግዛቱ ላይ ነው። በዋጋ ንረት ጊዜ የሚሞተው በብር የተጻፈ በጀት ነው፤ በቁጥር የተጻፈ በጀት አይሞትም። ዶላር 57 ሲሆንም 100 ሲያልፍም 4 በ6 ሜትር የሆነ ማደሪያ የሚፈልገው ብሎኬት ያው ነው። ብር ይዋዥቃል፣ የብሎኬት ቁጥር ግን ካልተሰበረ በቀር አይለወጥም። ስለዚህ ገበያው ባልረጋበት አገር እቅድ አያስፈልግም የሚለው ክርክር ተገልብጦ መነበብ አለበት፤ ገበያው ባልረጋ ቁጥር ቆጠራው ይበልጥ ያስፈልጋል።

ቆጠራው ምን ይመስላል?

ለምሳሌ ወርዱ 4፣ ርዝመቱ 6 ሜትር የሆነ፣ በሦስት ጎን ግድግዳ ያለው፣ በአራተኛው ጎን በር የሚገጠምለት ማደሪያ ይወሰድ። አንድ መካከለኛ መኪና ከ4 ሜትር ተኩል እስከ 5 ሜትር ስለሚረዝም በሮቹን ከፍቶ ለመውረድና ዙሪያውን ለመንቀሳቀስ ይህ ልክ የተመቸ ነው።

• መሠረት፦ የሦስቱ ግድግዳዎች ርዝመት ሲደመር 16 ሜትር ነው። የድንጋይ ግንቡ ወርዱ 50 ሳንቲ ሜትር፣ ከቁፋሮው ወለል እስከ ላይ 1 ሜትር ቢሆን 8 ሜትር ኩብ ይወጣዋል።

• ግድግዳ፦ 16 ሜትር በ2.8 ሜትር ከፍታ ወደ 45 ካሬ ሜትር ነው። 40 በ20 የሆነ ብሎኬት በአንድ ካሬ 12 ተኩል ይገባል፤ 560 ብሎኬት ማለት ነው። ለሚሰበረው 5 በመቶ ሲጨመር ወደ 590 ይደርሳል።

• ወለል፦ 24 ካሬ ሜትር በ10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት 2.4 ሜትር ኩብ ኮንክሪት ነው። በአንድ ኩብ 360 ኪሎ ሲሚንቶ ቢታሰብ ባለ 50 ኪሎ 18 ከረጢት ይበቃል።

• የወለሉ ብረት፦ ባለ 8 ሚሊ ፌሮ በየ20 ሳንቲ ሜትሩ በሁለቱም አቅጣጫ ቢዘረጋ 250 ሜትር፣ ማለትም ባለ 12 ሜትር 21 ቤርጋ ይሆናል፤ ክብደቱም አንድ ኩንታል ገደማ ነው።

• ጣሪያ፦ በየጎኑ ግማሽ ሜትር ቢወጣ 5 በ7፣ በድምሩ 35 ካሬ ሜትር ይሸፈናል።

የግንብና የልስን ሲሚንቶው፣ አሸዋው፣ ጠጠሩ፣ ማሰሪያው፣ የጣሪያው ብረትና በሩም በዚሁ መንገድ ይቆጠራሉ። ይህን ለማውጣት ሜትር፣ እርሳስና አንድ ከሰዓት ይበቃል። የመሠረቱ ጥልቀትና የብረቱ ውፍረት ግን እንደ አፈሩና እንደ ጭነቱ ስለሚለያይ ባለሙያ ሊያየው ይገባል። ለመሐንዲስ የሚከፈለው ገንዘብ ብክነት የሚመስለው ሰው፣ አንድ የተሰነጠቀ ግድግዳ አፍርሶ ለመሥራት የሚወጣውን ቢያሰላ ሐሳቡን ይለውጣል።

ከእያንዳንዱ ቁጥር ጎን ሁለት ባዶ ቦታ ይተዋል፤ አንዱ ዛሬ በገበያ የተጠየቀው ዋጋ፣ ሌላው በተገዛበት ቀን በእርግጥ የተከፈለው። ዋጋ ሲጨምር ባለቤቱ የሚያውቀው «ተወደደ» የሚለውን ብቻ አይሆንም፤ ምን ያህል እንደቀረውና የትኛው እንደቀረው ያውቃል። አሸዋ፣ ድንጋይና ጠጠር የሚሸጡበት «ቢያጆ» ደግሞ ከመኪና መኪና ስለሚለያይ የጭነቱን ሣጥን ርዝመት፣ ወርድና ከፍታ ለክቶ ወደ ሜትር ኩብ መለወጥ ግድ ነው። «ሁለት ቢያጆ ገባ» የሚል መዝገብ ምንም አይናገርም።

ምን ቀድሞ ይገዛ?

ቁጥሩ ከታወቀ በኋላ ቀድሞ መግዛት ጥበብ ይሆናል። ብሎኬት ይቀመጣል። ፌሮ ከመሬት ከፍ ብሎ ከተሸፈነ ይቀመጣል። ቆርቆሮም እንዲሁ። ሲሚንቶ ግን አይቀመጥም፤ ወራት ባለፉት ቁጥር ጥንካሬው ይቀንሳል፣ የክረምት እርጥበት ካገኘው ደግሞ ከረጢቱ ውስጥ ድንጋይ ይሆናል። አሸዋም ሐምሌ ላይ ግቢ ውስጥ ከተቆለለ ግማሹን ጎርፍ ይወስደዋል። የዋጋ ንረትን ፈርቶ ሰኔ ላይ ሲሚንቶ የሚያከማች ሰው ከንረቱ የሸሸ መስሎት ወደ ኪሳራ ይገባል።

ሁለተኛው ጥቅም ገንዘብ ሲያጥር ይታያል። ያልቆጠረ ሰው ገንዘቡ ባለቀበት ይቆማል፤ የቆጠረ ሰው ራሱ በመረጠው ቦታ ይቆማል። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ማደሪያው ከመጀመሪያው በምሰሶ እንዲቆም ተደርጎ ከታቀደ፣ በመጀመሪያው ዙር መሠረቱ፣ ምሰሶዎቹ፣ ወለሉና ጣሪያው ያልቃሉ፤ መኪናዋም ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥላ ሥር ታድራለች። ግድግዳውና በሩ በሚቀጥለው ዓመት ይመጣሉ። ይህ በምዕራፍ መሥራት ነው። ከላይ የተነገረው ግማሽ ግድግዳ ግን በግማሽ መቅረት ነው፤ ገንዘቡ ወጥቷል፣ አገልግሎቱ የለም።

እንዲያውም ከሁሉ በፊት መጠየቅ ያለበት ግድግዳው ያስፈልጋል ወይ የሚለው ነው። በረዶ ለወራት በማይከመርበት፣ አጥርና የግቢ በር ባለበት፣ ብዙ ጊዜም ጥበቃ ባለበት ከተማ አንድ መኪና የሚያስፈልገው ብዙውን ጊዜ ጥሩ ጣሪያና ደረቅ ወለል ነው። ዝግ ቤት የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልገው ለመኪናው አይደለም፤ ዕቃ ማከማቻ ወይም ነገ ወደ መንገድ የሚከፈት ሱቅ አስቦ ነው። ያ ሐሳብ ካለ ዛሬ ይነገር። ሱቅ የሚሆን ቤት መሠረቱም፣ የኤሌክትሪክ መስመሩም፣ ፈቃዱም ሌላ ነው። «ለጊዜው ለመኪና» ተብሎ ተሠርቶ ሱቅ የሚሆን ቤት ሁለት ጊዜ የተሠራ ያህል ያስወጣል።

መሬቱን ሳይጠይቁ

ልኩ ወረቀት ላይ ካበቃ በኋላ መሬት ላይ ይፈተን። ርካሹ ፈተና ኖራ ነው። የማደሪያው ቅርጽ በኖራ ይሰመራል፤ መኪናዋ ከመንገድ ተነስታ በግቢው በር በኩል ገብታ መስመሩ ውስጥ ትቆማለች። አራቱም በሮች ይከፈታሉ። የተኛ ሕፃን ታቅፎ የሚወርድ ሰው ይወርዳል። ከኋላ አስቤዛ ይወጣል። በኖራ መስመር ላይ የጠበበ ነገር በግድግዳ መካከል ይብስበታል። መኪናዋ በአንድ ጊዜ መታጠፍ አቅቷት ሦስት ጊዜ ወደፊትና ወደኋላ ካለች መንቀሳቀስ ያለበት የማደሪያው ቦታ ወይም የግቢው በር ነው። ይህን ለማወቅ የሚወጣው ወጪ የአንድ ከረጢት ኖራ ዋጋ ነው።

ከዚያ ከሥር ያለው ይጠየቃል። የሽንት ቤቱ ጉድጓድ የት ነው? ሁለት ቶን የሚጠጋ መኪና በየቀኑ ክዳኑ ላይ እንዲቆም የታሰበ ጉድጓድ የለም። ማደሪያው ክዳኑን ዘግቶ ከተሠራ ደግሞ መምጠጫ ቦቴ በመጣ ቀን ወለል መስበር ይመጣል። የውሃ ቧንቧው በየት ያልፋል? የፍሳሽ መስመሩስ?

አፈሩም ይጠየቃል። በቦሌና በምሥራቁ የከተማው ክፍል ብዙ ቦታ የሚገኘው ጥቁር አፈር ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። በላዩ ላይ በቀጥታ የተጣለ ወለል አብሮት ይነሳል፣ አብሮት ይወርዳል። መፍትሔው የታወቀ ነው፤ ጥቁሩን ቆርጦ አውጥቶ ገረጋንቲ እየጠቀጠቁ መሙላት። የታወቀውን ያህል ግን በጀት ውስጥ አይገባም። የቁፋሮው፣ አፈሩን አውጥቶ የመጣያው፣ የመሙያውና የመጠቅጠቂያው ወጪ ከመሬት በታች ተቀብሮ ስለሚቀር ለዓይን አይታይም። ማንም እንግዳ ግቢ ገብቶ «መሙያው ሲያምር» አይልም። ሰው ለሚታየው ይከፍላል፤ ቤት ግን የሚፈርሰው ከማይታየው ነው።

የኤሌክትሪኩ ነገር

ከተረሱት ሁሉ አደገኛው ኤሌክትሪኩ ነው። ለቤት የሚሆን ባለ 7 ኪሎ ዋት ቻርጀር በ220 ቮልት ወደ 32 አምፔር ይስባል። ለማነጻጸር ያህል አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3 ኪሎ ዋት ተኩል ገደማ ይፈልጋል። አንድ መኪና በዚህ ቻርጀር ሲሞላ ሁለት ምጣድ በአንድ ጊዜ ተጥዶ ሌሊቱን ሙሉ እንደማደር ነው። ልዩነቱ እንጀራ ጋጋሪዋ በአንድ ሁለት ሰዓት ውስጥ ጨርሳ ምጣዱን ማጥፋቷ፣ መኪናዋ ግን ቤተሰቡ ተኝቶ ሳለ ስምንትና ዘጠኝ ሰዓት መሳቧ ነው።

ይህን ጭነት በመስኮት በወጣ ተራ ኤክስቴንሽን መሸከም እሳት መጥራት ነው። ከቆጣሪው አጠገብ የሚነሳ፣ ለብቻው ብሬከር ያለው፣ ርቀቱ 25 ሜትር ገደማ ከሆነ ቢያንስ 6 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ሽቦ ያስፈልገዋል። ኤሌክትሪክ ወደ ሰው ሲያፈተልክ የሚቆርጥ መከላከያና በትክክል መሬት የገባ አርዲንግም የግድ ናቸው። ቆጣሪውና ከምሰሶ የሚመጣው መስመር ይህን ጭነት ከነምጣዱና ከነውሃ ማሞቂያው ይሸከማሉ ወይ የሚለውን የሚመልሰው ፈቃድ ያለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነው። መልሱ «አይሸከምም» ከሆነ የኃይል ማሻሻያ ማመልከቻው ቁፋሮው ሳይጀመር መግባት አለበት። ወለሉ ሲፈስስ ደግሞ የሽቦው ቱቦ ከሥር መቀበር አለበት፤ ለአንድ ቱቦ ዋጋ ሰስቶ ከዓመት በኋላ ወለል የሚሰብር ብዙ ነው።

ወርኃዊ ወጪውም የበጀቱ አካል ነው። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የኤሌክትሪክ ታሪፍ ለአራት ዓመት በየሦስት ወሩ እየተስተካከለ እንዲጨምር ተወስኗል። ከነዳጅ ጋር ሲወዳደር አሁንም የሚያዋጣ ሊሆን ይችላል፤ ሒሳቡ ግን በትናንቱ ታሪፍ ሳይሆን በሚመጣው መሠራት አለበት።

ጎረቤት፣ ዝናብና ወረዳ

35 ካሬ ሜትር ጣሪያ ቀላል አይደለም። በዓመት 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ በሚዘንብበት ከተማ ከዚያ ጣሪያ ላይ 42 ሺህ ሊትር ያህል ውሃ ይወርዳል፤ አብዛኛውም በክረምት ወራት። ይህ ውሃ የት ይሄዳል? ብዙ ማደሪያ ቦታ ለመቆጠብ ሲባል አጥር ተጠግቶ ስለሚሠራ ጣሪያው ወደ ጎረቤት ያዘነብላል። ከዚያ የክረምቱ ዝናብ የሁለት ቤተሰብ ጠብ ይሆናል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ባለሀብት ንብረቱን ሲጠቀም ጎረቤቱን እንዳይጎዳ ይከለክላል፤ ወደ ፍርድ ቤት ከመድረሱ በፊት ግን አንድ አሸንዳና አንድ ሮቶ ጉዳዩን ይጨርሱታል። አሸንዳው ጠብ ይከለክላል፤ ሮቶው ቧንቧ በጠፋበት ቀን መኪና ማጠቢያ ይሆናል።

ፈቃድ ደግሞ አለ። «በገዛ ግቢዬ ውስጥ ለመኪና ጣሪያ ፈቃድ?» የሚል ብዙ ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንጻዎችን በሦስት ሲመድብ ትናንሾቹን፣ በማዕቀፎቻቸው መካከል ያለው ርቀት 7 ሜትር ወይም ከዚያ በታች የሆነውን ባለ አንድ ወለል ሕንጻ፣ ከታችኛው ምድብ አስቀምጧል። ትንሽ ምድብ ውስጥ መግባት ግን ከፈቃድ ውጭ መሆን አይደለም። ያለ ፈቃድ የተሠራ ማደሪያ የተሠራበት ገንዘብ በሙሉ አደጋ ላይ ነው፤ ደንብ አስከባሪ በመጣ ቀን 590 ብሎኬት ፍርስራሽ ይሆናል። ቤቱ በሚሸጥ ጊዜም ካርታው ላይ የሌለው ግንባታ ዋጋ ከመጨመር ይልቅ ጥያቄ ይጨምራል። ስለዚህ የፈቃዱ ወጪና ጊዜ ከበጀቱ አንደኛ ረድፍ ላይ መቀመጥ አለበት። «ሻይ ቡና» የሚባለው መውጫ ግን ርካሽ መስሎ የሚታይ ውድ መንገድ ነው፤ ደረሰኝ የለውም፣ የተቀበለው ሰው ሲቀየር ዋስትናውም አብሮት ይሄዳል።

የሰው ሥራ

የእጅ ዋጋ ስምምነት በቃል የሚያልቀው ሥራዋ «ትንሽ» ስለሆነች ነው። አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃል፤ ምን እንደሚሠራ፣ በስንት ቀን፣ ዕቃውን ማን እንደሚያቀርብ፣ ክፍያው በየትኛው ደረጃ እንደሚለቀቅ። መሠረት ሲያልቅ ይህን ያህል፣ ምሰሶና ጣሪያ ሲቆም ይህን ያህል። የመጨረሻው 10 በመቶ ደግሞ ከመጀመሪያው ከባድ ዝናብ በኋላ። ጣሪያ የሚመረመረው በፀሐይ አይደለም። ግንበኛውም በዚህ አይጎዳም፤ በየደረጃው በሰዓቱ እንደሚከፈለው ያወቀ ባለሙያ ሥራ ጥሎ የሚሄድበት ምክንያት ይቀንሳል። በየሰፈሩ ግንበኛ ሲወቀስ ይሰማል፤ የሁለት ሳምንት ክፍያ ስላልተሰጠው ጥሎ የሄደው ግንበኛ ታሪክ ግን ብዙም አይነገርም።

ጫኝና አውራጅ፣ የዕቃ ማመላለሻ፣ የሥራ ውሃ፣ የካሳፎርማ እንጨት፣ የሌሊት ጥበቃ፣ የሠራተኛ ምሳ፤ እነዚህ እያንዳንዳቸው ትንሽ ናቸው፣ ሲደመሩ ግን የበር ዋጋ ይሆናሉ። ከእነሱ ሌላ ከጠቅላላው 15 ወይም 20 በመቶ መጠባበቂያ ይቀመጣል። መጠባበቂያ ማለት የተሻለ ቀለም መግዣ አይደለም፤ ቁፋሮው ላይ ያልታሰበ ጉድጓድ ሲገኝ የሚወጣ ነው። ካልወጣ የባለቤቱ ነው።

ጊዜውም ይቆጠራል። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ደረቅ ወቅት ለቁፋሮና ለመሠረት የተመቸ ነው። ሰኔ ላይ የተቆፈረ መሠረት የኩሬ ውሃ በባልዲ ሲቀዳ ይከርማል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ ክረምት ሊገባ ሲል የተጀመረ ማደሪያ የዚህ ተረት ማስረጃ ነው።

ከግድግዳው በፊት የሚሰነጠቀው

የዚህ ሁሉ ቆጠራ ትልቁ ጥቅም ግን ከገንዘብ በላይ ነው። በአዲስ አበባ ብዙ ግንባታ የሚሠራው በሁለት ሰዎች ነው፤ አንዱ ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ ይልካል፣ ሌላው እዚህ ሆኖ ያሠራል። ላኪው እህት፣ አሠሪው ወንድም ሊሆን ይችላል። እህት የምትሰማው በብር ነው፤ «ይህን ያህል ላኪ»፣ «አለቀ»፣ «ጨምሪ»። ወንድም የሚያየው ገበያውን ነው፤ ዛሬ የጠየቀው ዋጋ ነገ የለም። እሷ ዓመት ሙሉ በእጥፍ ፈረቃ ሠርታ የላከችው ገንዘብ የት እንደገባ አልታያትም። እሱ ሥራውን ትቶ ፀሐይ ላይ ቆሞ ያሠራው እንደ ሌባ መታየቱ አንገብግቦታል። ሁለቱም እውነት ይዘው ይቀያየማሉ። ማደሪያው ያልቃል፤ እሷ ለበዓል ስትመጣ ግን ሌላ ዘመድ ቤት ታርፋለች።

ይህን ጠብ የሚያመጣው አብዛኛውን ጊዜ ስርቆት አይደለም። የጋራ ቋንቋ አለመኖር ነው። ብር የጋራ ቋንቋ መሆን አልቻለም፤ እዚያ በዶላር ይታሰባል፣ እዚህ በየሳምንቱ ይለወጣል። ቁጥር ግን ሁለቱም ጋ አንድ ነው። «590 ብሎኬት ያስፈልጋል፣ 400 ተገዝቷል፣ 190 ቀርቷል፤ ከ18 ከረጢት ሲሚንቶ ለወለሉ ገና አልተገዛም» የሚል አንድ ገጽ ከነፎቶው በቴሌግራም ቢላክ ጥርጣሬ የሚገባበት ቀዳዳ ይጠባል። እህት ማመን ሳይሆን ማየት ትችላለች፤ ወንድምም መማል ሳይሆን ማሳየት ይችላል። ይኸው በባልና በሚስት መካከልም ይሠራል።

ከመንግሥት የሚጠበቀው

ሁሉንም ሸክም በባለቤቱ ላይ መጣል ግን ፍትሐዊ አይደለም። ሕዝቡ የኤሌክትሪክ መኪና እንዲገዛ የገፋ ፖሊሲ መኪናዋ ስለምታድርበትና ስለምትሞላበት ግቢም ማሰብ አለበት። የሚጠበቀው ትልቅ ነገር አይደለም። አንደኛ፣ ለአንድና ለሁለት መኪና የሚሆኑ፣ ለጥቁር አፈርና ለደንዳና መሬት ተለይተው የተዘጋጁ ፕላኖች ከነዕቃ ቁጥራቸው በነፃ ይሰራጩ፤ ባለቤት ያን ፕላን ከተከተለ ፈቃዱ በቀናት ይለቅ። ሁለተኛ፣ የቤት ቆጣሪ ኃይል ማሻሻያ የታወቀ ዋጋና የታወቀ ቀን ይኑረው፤ የማይታወቅ ቀን በጀት ውስጥ አይገባም። ሦስተኛ፣ ለመኪና መሙያ የሚዘረጋ መስመር አርዲንጉና መከላከያው ተፈትሾ የሚፈረምበት ቀላል አሠራር ይኑር። የዚህ ዋጋ ከአንድ የሰፈር ቃጠሎ ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

እስከዚያው ግን እርሳሱ በባለቤቱ እጅ ነው። የሚቀጥለው ቅዳሜ አይሱዙው ከመምጣቱ በፊት አንድ ከሰዓት፣ አንድ ሜትር፣ አንድ ከረጢት ኖራና አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃሉ። ግንበኛው «ትንሽ ሥራ ናት ጋሼ» ሲል ባለቤቱ ወረቀቱን አውጥቶ «እንግዲያው እስቲ አብረን እንቁጠራት» ይበለው።